በፓፓያ ቅጠል ላይ ያረፈ ዓይን

ከምወዳቸው ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፎች በአንዱ ውስጥ ያለው አንድ የፓፓያ ቅጠል ብቻ ነው። ሰው የለበትም፤ ፍሬውም አይታይም። ነጣ ያሉት የቅጠሉ ጅማቶች ከአንድ ቦታ ተነሥተው ይዘረጋሉ፤ እየሄዱ ይከፈላሉ፤ የተከፈሉትም መልሰው ይከፈላሉ፤ ጠርዙ ጋ ሲደርሱ ዓይን እስኪያጣቸው ድረስ ይቀጥናሉ። ፓፓያ በጓሮው ያለው ሰው ይህን ቅጠል በየቀኑ አልፎት ይሄዳል። እዚህ ፎቶ ፊት ግን ቆሞ መቅረቱ አይቀርም።

ፎቶው «ፊሊግራና» ይባላል። አንጥረኞች ብርን እንደ ክር አቅጥነውና ጠምዝዘው የሚሠሩት ጌጥ ስም ነው። በእኛም አገር በብር መስቀልና በጉትቻ ላይ ይህን ሥራ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው፣ ቅጠሉ ስሙን እንዴት እንዳገኘ ለመረዳት አይቸገርም። የተነሣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 በብራዚሏ ሳን ፓውሎ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ያነሣችው ገርትሩድስ አልትሹል ትባላለች። እንጀራዋ ፎቶ ማንሣት አልነበረም።

አልትሹል በ1904 በርሊን የተወለደች አይሁዳዊት ናት። ናዚዎችን ሸሽታ ከባሏ ጋር ብራዚል የገባችው በ1939 ነው። ሳን ፓውሎ ውስጥ ኑሯቸውን የመሠረቱት በሴቶች ባርኔጣ ላይ የሚሰኩ አበቦችን በእጅ በመሥራት ነበር። ይህን ካወቅሁ በኋላ ፎቶውን የማየው በሌላ ዓይን ነው። አበባ በእጁ የሚሠራ ሰው ቅጠልን ሲያይ ውበቱን ብቻ አያይም፤ የቱ ጅማት የቱን ክፍል እንደሚሸከም፣ ጠርዙ የት ላይ እንደሚታጠፍ ያያል። «ፊሊግራና» ላይ ያለው ጥንቃቄ የተመልካች ብቻ ሳይሆን የሠሪም ጥንቃቄ ነው። ለእኔ የፎቶው ኃይል ያለው እዚህ ላይ ነው።

እስቲ ወደ ሥራው ጠጋ እንበል። ቅጠል ለጥቁርና ነጭ ፊልም አስቸጋሪ ነገር ነው። ብርሃኑ ፊት ለፊት ካረፈበት አረንጓዴው ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆንና ጅማቱ ይጠፋል። ብርሃኑ ሲበረታ ደግሞ የሚያብረቀርቀው ገጹ ነጭ እድፍ ብቻ ይሆናል። ፊልሙ ከታጠበ በኋላም ሥራው አላለቀም። በጨለማው ክፍል ውስጥ ምስሉ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ፣ ጥቂት ሴኮንድ ከተጨመረ የቅጠሉ ሥጋ ጥቀርሻ ይመስላል፤ ጥቂት ከተቀነሰ ጅማቶቹ ከወረቀቱ ንጣት ጋር ይደባለቃሉ። አልትሹል ግን ነጩን ነጭ፣ ጥቁሩን ጥቁር አድርጋ፣ በመካከላቸው ያሉትን ግራጫዎች አንድም ሳታጣ አስቀርታቸዋለች። ወፍራሙን ጅማት ማሳየት ቀላል ነው። ትልቁ ሥራ ያለው ከዚያ በወጡት፣ በመጨረሻዎቹ ቀጫጭን መስመሮች ላይ ነው፤ እነሱም በየቦታቸው ይታያሉ።

እንዲህ ያለ እጅ ለብቻው አያድግም። አልትሹል በ1952 ፎቶ-ሲኔ ክሉቤ ባንዴራንቴ የሚባለውን የሳን ፓውሎ የአማተር ፎቶግራፈሮች ክበብ ተቀላቀለች። «ፊሊግራና» በዓመቱ መጣ። ክበቡ የተቋቋመው በ1939 ሲሆን፣ አባላቱ ፎቶ የሚያነሡት ከሥራ በተረፈቻቸው ሰዓት ነበር። ከ1943 እስከ 1990 የመራው ኤድዋርዶ ሳልቫቶሬ ጠበቃ ነው። ዦዜ ያሌንቲ መሐንዲስ፣ ዤርማን ሎርካ የሂሳብ ባለሙያ፣ ዤራልዶ ዴ ባሮስ የባንክ ሠራተኛ ነበሩ። የቶማዝ ፋርካስ ቤተሰብ የካሜራ መደብር ነበረው።

የክበቡን አሠራር በጣም እወደዋለሁ። አባላቱ አብረው ወጥተው ያነሣሉ፤ ፎቶዎቹን ራሳቸው ያትማሉ፤ ከዚያ ለውድድር አቅርበው በየተራ ይወያዩባቸዋል። ጀማሪው ከጀማሪ፣ የቆየው ከቆየው ጋር በየደረጃው ይወዳደር ስለነበር አዲስ የመጣ ሰው በአንጋፋዎቹ ሥራ ተሸማቅቆ አይቀርም። ከ1946 ጀምሮ የራሳቸው መጽሔትም ነበራቸው፤ የተመረጡት ሥራዎች ይታተሙበታል፣ ስለ አሠራር ይጻፍበታል። ሙግትም አልጠፋም። ዴ ባሮስ ኔጌቲቩን በመርፌ እየቧጨረና ቀለም እየቀባ ይሠራ ነበር፤ «ይህ ፎቶ ነው ወይ?» የሚያሰኝ ሥራ ነው። ሙግቱ ግን የሚነሣው በእጅ ስለተያዘ ኅትመት ስለሆነ፣ ቃል ሁሉ የሚወድቀው በሥራው ላይ ነው።

ሰውን በሙያው ማበረታታት ማለት በእኔ እምነት ይኸው ነው፤ ጊዜ ሰጥቶ ማየት። «ጎበዝ» መባል ደስ ያሰኛል፤ ደስታውም ክፉ አይደለም። ነገር ግን «በግራ በኩል ያለው ጥላ ከብዷል፣ ትንሽ አቅልለው» ያለህ ሰው ፎቶህን ከዳር እስከ ዳር አይቶልሃል። የሚቀጥለውን ስታትም የእሱ ዓይን ከአንተ ጋር ጨለማው ክፍል ይገባል።

ሌላ የሚማርከኝ ነገር የኅትመቶቹ ጀርባ ነው። የያኔዎቹ አማተሮች ሥራቸውን የሚያጋሩት በፖስታ ነበር። ከሳን ፓውሎ የተላከ ፎቶ በሌላ አገር ክበብ ዓመታዊ ትርኢት ላይ ይሰቀላል፤ ሲመለስ ጀርባው ላይ የዚያ ትርኢት ማኅተም ወይም የተለጠፈ ምልክት ይዞ ይመጣል። ብዙ የተጓዘ ኅትመት ጀርባው በማኅተም ይሞላል። ፊቱን ያየ ሰው የፎቶግራፈሩን እጅ ያያል፤ ገልብጦ ያየ ደግሞ በማያውቃቸው አገሮች ያሉ የማያውቃቸው ወዳጆች ሥራውን ተቀብለው፣ ሰቅለው፣ ሳይጎዱ እንደመለሱለት ያነባል። ለዚህ ማንም ደመወዝ አልተከፈለውም።

አልትሹል የከተማዋን አዳዲስ ሕንፃዎችም አንሥታለች። መስመርና ጥላን ብቻ አስቀርታ ሌላውን የምትተውባቸው ፎቶዎች ናቸው። ጥሩ ሥራዎች ናቸው፤ እኔ ግን ከቅጠሉ አላስበልጣቸውም። በ1962 ሞተች። ከዚያ በኋላ የክበቡ ሰዎች ሥራ ከብራዚል ውጭ ለረጅም ጊዜ እምብዛም አልታወቀም። በ2021 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ለእነዚሁ አማተሮች ሰፊ ትርኢት አዘጋጀ። በዚያው ዓመት የሳን ፓውሎ የሥነ ጥበብ ሙዚየም የአልትሹልን ሥራዎች ለብቻቸው ሲያሳይ ትርኢቱን «ፊሊግራና» ብሎ ሰየመው።

ፎቶ ማንሣት የምትወዱ ሁሉ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ስልካችሁ ውስጥ ካሉት መካከል አንዷን መርጣችሁ በወረቀት አሳትሙ። ጀርባዋ ላይ ስማችሁን፣ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ። ከዚያ ዓይኑን ለምታምኑት ሰው ስጡትና የቱ ጥግ እንዳስደሰተው፣ የቱ እንዳልጣመው በጣቱ እያመለከተ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። እሱ የራሱን ይዞ ሲመጣም እናንተ እንዲሁ አድርጉለት።