የተዋሱት ድንጋይ

ሮም፣ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ እልፍ ብሎ ባለች አነስተኛ መናፈሻ ውስጥ አንድ የግብጽ ሐውልት ቆሟል። ድንጋዩ የዳግማዊ ራምሴስ ነው፤ ጣሊያኖች ግን በ1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ምጽዋ አጠገብ፣ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው አምስት መቶ ያህል ወታደሮቻቸው በዚያው ዓመት መታሰቢያ አደረጉት። በሰው ዕቃ ለቅሶ መቀመጥ ማለት ይህ ነው! በኪነ ጥበብ ዐይን ሲታይ የፈርዖኑ ድንጋይና የጣሊያኖቹ መቆሚያ አይተዋወቁም። በ1929 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ የዘረፉትን የይሁዳ አንበሳ ከግርጌው አኖሩት፤ አንበሳውስ ኋላ ወደ አገሩ ተመልሷል። ሆኖም ሐውልቱን ንቆ ማለፍ አይቻልም። የተራው ወታደር ስም ሳይቀር ተጽፎበታልና። ከአሉላ ጋር ዘምተው እዚያው ሜዳ ላይ የቀሩትን የእኛዎቹንስ ስም ከየትኛው ድንጋይ ላይ እናንብብ?