«ስኬፕቲሲዝም»፦ ጥርጣሬ ወይስ ሐተታ?

በተማሪዎች ክርክርና ጽሑፍ «ስኬፕቲሲዝም» ብዙ ጊዜ «ጥርጣሬ» ተብሎ ይተረጐማል። ይህ አተረጓጐም የቃሉን ፍች ያጐድላል እንላለን። ጥርጣሬ በአማርኛ ሰውን አለማመንንም፥ ማመንታትንም፥ አልፎ አልፎም ክህደትን ያመለክታል። የግሪኩ ቃል ሥር ግን መመልከትና መመርመር ነው። ሴክስቱስ ኤምፒሪኩስ ፈላስፎችን በሦስት ሲከፍል፥ እውነትን አገኘን ከሚሉትና አትገኝም ከሚሉት ለይቶ፥ ስኬፕቲክ ያላቸው ገና በመፈለግ ላይ ያሉትን ነው። እንግዲህ «ምንም አይታወቅም» ባይ ስኬፕቲክ አይደለም፤ ምርመራውን ዘግቷልና።

ለዚህ ፍች የሚቀርበው ከግዕዝ የወረስነው «ሐተታ» ነው፤ ሐተተ ማለት መረመረ ማለት ነውና። በዘርዐ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታ፥ ሁሉም የኔ ሃይማኖት ብቻ እውነት ነው ሲል ማን ይፈርዳል ብሎ ይጠይቃል፤ ነገር ግን በክህደት አይፈጽምም፥ መርምሮ ፈጣሪ አለ ይላል። መጽሐፉ ራሱም ተመርምሯል። ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ደራሲው ኢጣልያዊው ሚሲዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው አለ፤ ክላውድ ሰምነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለዘርዐ ያዕቆብ ተከራከረ። በዚህ ክርክር ማስረጃን መመዘን ስኬፕቲሲዝም ይባላል፤ ወገን ይዞ መነቃቀፍ ግን አይባልም።

የቃሉ ጥቅም በመጻሕፍት ብቻ አይወሰንም። መጽሐፉ ዘርዐ ያዕቆብ ኖረባት ከሚላት ከእንፍራዝ ተነሥተን በሱዳን ድንበር አጠገብ ወዳለችው ወደ አብደራፊ ቆላ ብንወርድ፥ ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከደጋ የሚመጣውን የቀን ሠራተኛ ካላዛር ይይዘዋል። በሽታው ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል፤ ትኩሳቱ ግን ወባን ይመስላል። ሳይመረምር «ወባ ነው» ብሎ የሚያሰናብት ሐኪም ቶሎ አምኗል፤ «ምርመራ ሁሉ ከንቱ ነው» የሚልም ቶሎ ክዷል። ስኬፕቲክ የምንለው፥ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ሲያልፍና ጣፊያው ሲያብጥ አር ኬ 39 የተባለውን የደም ምርመራ የሚያዝዘውን፥ ውጤቱ ነጻ ነው ቢልም ምልክቱ ካልጠፋ በሌላ መንገድ የሚመረምረውን ነው። መድኃኒቱም ጠንካራ ስለሆነ ያለማስረጃ አይጀምርም።

ሐተታ ዛሬ ዝርዝር ጽሑፍንም ስለሚያመለክት ያሻማል የሚል ቢኖር፥ «መርማሪነት» ቢል አንቃወምም። «ጥርጣሬ» ግን መነሻውን ብቻ ይነግረናል እንጂ ሥራውን አይነግረንም። የቆላው ሕመምተኛ የሚድነው ሐኪሙ ስለ ተጠራጠረ ብቻ ሳይሆን ጥርጣሬውን እስከ ማስረጃ ስላደረሰው ነው።