ልናጠፋው መሆኑን ማን ነገረው?

በቡታጅራም ሆነ በወልቂጤ ገበያ ልምድ ያለው ባለሱቅ ደንበኛው ሊሸሸው መሆኑን የሚያውቀው ደንበኛው ከቀረ በኋላ አይደለም። አስቀድሞ ነው። ሁልጊዜ ሃያ ኪሎ ስኳር የሚወስዱት ሰው «ለዛሬ አምስት ይበቃኛል» ሲሉ፣ ዱቤያቸውን ሳይጠየቁ አጠናቀው ሲከፍሉ፣ ሰላምታቸው ሲያጥር፣ ዓይናቸው ወደ ጎረቤት ሱቅ መደርደሪያ ሲሻገር ልቡ ይነግረዋል። ታዲያ ብልህ ባለሱቅ ምን ያደርጋል? በርጩማ ስቦ ያስቀምጣቸውና «ሐጂ፣ ምነው ጠፉብን? ያስቀየምንዎ ነገር አለ እንዴ?» ይላል። ሐጂም ወይ የሚዛኑን ነገር ያነሣሉ፣ ወይ የዋጋውን፣ ወይም ልጃቸው የራሱን ሱቅ መክፈቱን ይናገራሉ። ነገሩ ፊት ለፊት ተነግሮ ያልቃል።

ይህን ማንሣታችን ስለ ስኳር ንግድ ልናወራ አይደለም። ዛሬ በኪሳችን ይዘናቸው የምንዞረው የስልክ ፕሮግራሞች፣ ልጆቻችን «አፕ» የሚሏቸው፣ ይኸንኑ የባለሱቅ ሙያ ተምረዋል። አንድ ሰው አንድን አፕ ከስልኩ ሊያጠፋ ማሰቡን፣ ጣቱን ሳያነሣ በፊት፣ ለማወቅ ይጥራሉ። የሚለዩት በርጩማ ባለመሳባቸው ነው።

ለመሆኑ እንዴት ያውቃሉ? ብዙ ሰው ስልኩ ራሱ የሚነግራቸው ይመስለዋል። ነገሩ እንዲያ አይደለም። በአንድሮይድ ስልክ ላይ አንድ አፕ ሲጠፋ ለሚጠፋው አፕ የመሰናበቻ ቃል እንኳ አይሰጠውም፤ ከነጓዙ ይነሣል። ይህ የሚቆጫቸው ኩባንያዎች ግን ዘዴ አበጁ። በየቀኑ ወይም በየጥቂት ቀኑ ድምፅም ምልክትም የሌለው መልእክት ወደ ስልኩ ይልካሉ። ባለስልኩ አያየውም፣ አይሰማውም። አፑ ካለ መልእክቱ ይደርሳል፤ ከሌለ ደግሞ መልእክት አመላላሹ «የላክኸው ቤት ሰው የለበትም» ብሎ ይመልሳል። ይህ አሠራር በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ብሉምበርግ የተባለው የዜና ድርጅት አገልግሎቱን የሚሸጡትን ኩባንያዎች ስም ጠቅሶ ሲዘግብ ነበር። ድምፅ አልባው መልእክት መጀመሪያ የተፈጠረው ለደግ ነገር ነው፤ አፑ ተጠቃሚውን ሳያውክ አዲስ ነገር እንዲያወርድ። ለስለላ የዋለው በኋላ ነው።

እስከዚህ ያየነው ከሄዱ በኋላ ስለ ማወቅ ነው። ከመሄዳቸው በፊት ማወቁ የሚመጣው ከዚህ ነው። የሄዱት እነማን እንደሆኑ አንድ ጊዜ ከተለየ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ የመጨረሻ ሳምንታቸውን ማየት ይቻላል። በቀን አምስት ጊዜ ይከፍት የነበረው ወደ አንድ ወርዷል፣ ማስታወቂያ እንዳይደርሰው ዘግቷል፣ ሲከፍትም ቶሎ ይወጣል። ይህን የእግር ዱካ ማሽን ይማርና ገና ያልሄዱትን ከሄዱት ጋር ያመሳስላል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 ለአፕ ሠሪዎች ይህን ግምት የሚሰጥ መሣሪያ አቅርቦ ነበር። ዛሬም አናሊቲክስ በተባለው አገልግሎቱ ውስጥ አንድ ሰው የመጥፋት ዕድሉን በቁጥር ያስቀምጣል፤ ትርጉሙም ባለፉት 7 ቀናት አፑን የተጠቀመ ሰው በሚቀጥሉት 7 ቀናት ላይመለስ ይችላል ማለት ነው። ማሽኑ ይህን ለመማር ቢያንስ 1,000 የቀሩና 1,000 ያልቀሩ ሰዎች ያስፈልጉታል። ልብ በሉ! ማሽኑ የእናንተን ልብ አላነበበም። ከእናንተ ጋር የሚመሳሰሉ ሌሎች ሰዎችን ነው የቆጠረው።

በመሠረቱ ደንበኛ ለምን እንደሚሸሽ መጠየቅ ነውር አይደለም። አፑ እየተበላሸ ሰው የሚያማርር ከሆነ ሠሪው ቢያውቅና ቢያስተካክል የሚጠቅመው ሁላችንንም ነው። ቅር የሚያሰኘን እውቀቱ የሚውልበት ቦታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ «ሊሄድ ነው» የተባለ ሰው የሚደርሰው ጥያቄ ሳይሆን ማባበያ ነው፤ ድንገት ቅናሽ ይመጣለታል፣ ስጦታ ይመጣለታል፣ «ናፍቀኸናል» የሚል ይመጣለታል። ዱኦሊንጎ የተባለው የቋንቋ መማሪያ አፕ ለሰነፈ ተማሪው ማሳሰቢያዎቹ ስላልሠሩ መላክ ማቆሙን የሚገልጽ መልእክት በመላክ በዓለም ዙሪያ መሳቂያም መነጋገሪያም ሆኗል። ያኮረፈ ሽማግሌ ይመስል! ሚዛኑ የተዛባበት ደንበኛ ሲያኮርፍ ሚዛኑን ትቶ ከረሜላ የሚያቀብል ነጋዴ በእኛ ከተሞች ምን ስም እንደሚወጣለት ታውቁታላችሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ቤታችን እንምጣ። ያ የ7 ቀን መስፈሪያ በወልቂጤና በቡታጅራ ምን ይሰፍራል? አንድ እናት አፑን ሳምንት ሳይከፍቱት ቢቀሩ ጠልተውት ነውን? ፓኬጃቸው አልቆ ሊሆን ይችላል። መብራት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ስልኩን ልጃቸው ለፈተና ጥናት ወስዶት ሊሆን ይችላል፤ በብዙ ቤት አንድ ስልክ የሦስት ሰው ነውና። ለዐረፋ ሰው ሁሉ ወደ አገር ቤት ሲገባ፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ነጋዴ ኔትወርክ በሌለበት ቀዬ ቆጮና ክትፎ ፊት ተቀምጦ ስልኩን ሲረሳ፣ የማሽኑ መዝገብ «ይህ ሰው ሊለየን ነው» ይላል። ደግሞም ዐረፋ በየዓመቱ በአሥራ አንድ ቀን ያህል ወደ ፊት ስለሚመጣ፣ በፈረንጅ ወር የሚቆጥር ማሽን ካምናው ልምዱ ብዙም አይማርም።

ከዚህም የከፋ አለ። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2020 መጨረሻ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋርጦ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቷል። በ7 ቀን መስፈሪያ ቢለካ አንድ ሙሉ አገር አፑን ትቶ ሄዷል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2023 ጀምሮ ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ያህል ሲታገዱ ብዙ ወጣት ቪፒኤን ጭኖ ተጠቀመ። ያኔ በቡታጅራ ተቀምጦ የሚጽፈው ልጅ ለአፑ የሆላንድ ወይም የአሜሪካ ነዋሪ ሆኖ ታየው። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ዱካ ላይ ተመሥርቶ ስለ እኛ ፍላጎት የሚሰጥ ፍርድ ምን ዋጋ አለው?

አፕ የሚጠፋበትም ምክንያት በእኛ ዘንድ ሌላ ነው። በየሞባይል ቤቱ ደጃፍ ቆማችሁ ብትጠይቁ የምትሰሙት «ሜሞሪ ሞላብኝ» የሚለውን ነው። የሠርግ ፎቶ ለማስገባት ቦታ ሲጠፋ የስልክ ቤቱ ልጅ ትልቅ ትልቁን አፕ እያየ ይሰርዛል። ባለቤቱ አልጠላውም፣ አላኮረፈም፤ እንዲያውም ከሳምንት በኋላ ያንኑ አፕ ከጓደኛው በዜንደር ወይም በሼርኢት መልሶ ይወስደዋል። ይህን ሰው በስጦታና በናፍቆት መልእክት ማሳደድ ፓኬጁን ከመጨረስ ሌላ ምን ይፈይዳል? መፍትሔው አፑን ቀላል አድርጎ መሥራት ነበር። ከወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒዩተር ተምረው የሚወጡ ልጆቻችን አፕ የሚሠሩ ከሆነ፣ የመጥፋት ግምት ከመግዛታቸው በፊት የሠሩትን አፕ ክብደት ቢመዝኑ ይበጃቸዋል።

ሊሄድ ያለውን ለማባበል የሚሞክረው አፕ ቢያንስ ሲሰናበቱት ይወጣል። ጨርሶ የማይወጣ እንግዳም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 አፕስትሪም የተባለ ኩባንያ ባወጣው ምርመራ በቴክኖ ደብልዩ ቱ ስልኮች ውስጥ ገና ከመሸጣቸው በፊት የተጫኑ ጎጂ ፕሮግራሞች መገኘታቸው ተገለጸ። ባለስልኩ ሳያውቅ በክፍያ አገልግሎቶች ላይ ይመዘግቡታል፣ የአየር ሰዓቱንም ይበላሉ። ነገሩ ከታየባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች፤ ካሜሩን፣ ግብፅ፣ ጋናና ደቡብ አፍሪካም አሉበት። ኩባንያው ከ200,000 በላይ ከሆኑ ስልኮች የተነሣ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ የክፍያ ሙከራ መመዝገቡን አስታውቋል። ከፕሮግራሞቹ አንዱ፣ ኤክስሄልፐር የተባለው፣ ቢሰረዝም ተመልሶ ራሱን ይጭናል፤ ስልኩ እንደ አዲስ ቢጸዳ እንኳ። የቴክኖ ባለቤት የሆነው ትራንሽን ጥፋቱ የመጣው ከአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ካለ አንድ አቅራቢ መሆኑን ገልጾ ማስተካከያ ማውጣቱን ተናግሯል። ርካሽ ስልክ የሚገዛው ማን እንደሆነ ግን እናውቃለን። ካርድ በአሥር ብር እየሞላ የሚኖር ሰው ነው ያን ሒሳብ የከፈለው።

እኛን ሙስሊሞችን በቀጥታ የነካውን ጉዳይ ደግሞ ሳናነሣ አናልፍም። ሙስሊም ፕሮ የሰላት ወቅትና የቂብላ አቅጣጫ የሚያሳይ፣ በሲንጋፖር የተሠራ አፕ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2020 ማዘርቦርድ የተባለው የቴክኖሎጂ ዜና ክፍል እንዳጋለጠው፣ አፑ ተጠቃሚዎቹ ያሉበትን ቦታ ኤክስ-ሞድ ለተባለ ኩባንያ ይልክ ነበር። ኤክስ-ሞድ ደግሞ መረጃ ከሚሸጥላቸው መካከል ለአሜሪካ ጦር የሚሠሩ ተቋራጮች ነበሩበት። አፑ በዚያን ጊዜ ከ98 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ወርዶ ነበር። ዜናው እንደ ተሰማ የአፑ ባለቤቶች ከኤክስ-ሞድ ጋር ያላቸውን ግንኙነት ማቋረጣቸውን አስታወቁ፤ ብዙ ሙስሊሞችም አፑን ከስልካቸው አጠፉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ኤክስ-ሞድ እንዲህ ያለውን ጥብቅ የቦታ መረጃ እንዳይሸጥ አግዷል።

ያጠፉት ሰዎች ምን አጠፉ? ምልክቱን። ወደ መስጊድ የሄዱበት መንገድ፣ ያደሩበት ቤት፣ የተነሡበት ሰዓት ግን አስቀድሞ ተሽጦ ሄዷል። ኩባንያዎቹ ሊሄድ ያሰበውን ሰው ለማወቅ ይህን ሁሉ ብልሃት ሲፈጥሩ፣ ለሄደው ሰው ዕቃውን መልሶ ለማስረከብ ግን ያን ያህል አልተጨነቁም። ትችታችን በዋናነት እዚህ ላይ ነው።

በፊቅህ ኪታቦች የንግድ ምዕራፍ ኺያር የሚባል ነገር አለ። በሻፊዒዮች ዘንድ ገዢና ሻጭ ከተስማሙበት መቀመጫ እስኪለያዩ ድረስ እያንዳንዳቸው ውሉን የመተው ምርጫ አላቸው። ሐነፊዮችና ማሊኪዮች በዚህ ላይ የተለየ አቋም አላቸው፤ ወደ ዝርዝሩ አንገባም። አንዱ ወገን ሌላው ሐሳቡን እንዳይለውጥበት በመስጋት ሆን ብሎ ከመቀመጫው ፈጥኖ መነሣቱ የተነቀፈ መሆኑ ግን በሐዲስ ተዘግቧል። የሌላውን የመተው መብት በብልሃት ማሳለፍ ነውና። ይህ ስለ ፍየልና ስለ እህል የተነገረ ነገር ዛሬ ስልክ ይዘው ለሚነግዱትም የሚናገረው ያለው ይመስለናል።

የአገራችንም ሕግ ቢዘገይ መጥቷል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው መረጃው እንዲሰረዝለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አፕልም እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2022 ጀምሮ አካውንት የሚያስከፍት አፕ ሁሉ እዚያው የሚያዘጋ በር እንዲኖረው አዟል፤ ጉግልም በ2023 ተመሳሳይ ደንብ አውጥቷል። በሩ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን ጓዳ ውስጥ ነው ያለው።

ስለዚህ ውድ አንባቢያን፣ አፕ ስታጠፉ በቅደም ተከተል አጥፉ። መጀመሪያ አፑን ክፈቱና የሒሳብ ወይም የመለያ ክፍሉ ውስጥ ገብታችሁ አካውንቱን ሰርዙ። ቀጥሎ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ያለበትን ቦታ የማየት ፈቃዱን ንሡት። ከዚያ በኋላ ምልክቱን አጥፉ። በአዳዲስ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ ደግሞ በግላዊነት ክፍል ውስጥ የማስታወቂያ መለያ የሚባል ቁጥር አለ፤ ከሄዳችሁም በኋላ በሌላ አፕ ውስጥ እየተከተለ የሚያባብላችሁ በአመዛኙ እሱ ነውና እሱንም መሰረዝ ይቻላል። የገንዘብ አፖችን በተመለከተ ግን ተጠንቀቁ፦ ቴሌብርን ከስልክ ማጥፋት ሒሳቡን አይዘጋውም። ገንዘቡም፣ የተወሰደ ብድር ካለም ብድሩ፣ ከስልክ ቁጥሩ ጋር ይኖራል፤ በ*127# ደውላችሁ ብታዩት እዚያው ታገኙታላችሁ።