ሮማን ያዩ ሰዎች ምን ጻፉልን?

ወደ ውጭ አገር ሄዶ የተመለሰ ሰው ያየውን ጽፎ ለወገኑ ማቅረቡ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ በሥነ ጽሑፋችን ውስጥ የራሱ ስፍራ ሲኖረው የሒስ ዓይን ግን ብዙ አላረፈበትም። ግጥሙና ልቦለዱ ሲመረመር የጉዞው መጽሐፍ «መንገድ ነው፤ ምን ይተቻል» ተብሎ የታለፈ ይመስለናል። እኛም ይህን አሳብ ለመጻፍ የተነሣነው በመጻሕፍት ቤት ተቀምጠን ስንመራመር ሳይሆን፣ ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ በሚገኘው በዋሂል፣ ለመንግሥት ሥራ በተመደብንበት ገጠር፣ በአንድ ምሽት ከቀረበ ጥያቄ የተነሣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ወዳጃችን የሆነ መምህር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የመጀመሪያውን መጽሐፍ ከድሬዳዋ አምጥቶ፣ በ1916 ዓ.ም. ስለ ተደረገው የአውሮፓ ጉዞ የሚናገረውን ክፍል ለተማሪዎቹ ያነብላቸው ነበር። ምርጫው መልካም ነው፤ በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ልዑል ተፈሪ መኰንን የተወለዱት ከዚሁ ከሐረር ምድር፣ ከኤጀርሳ ጎሮ ሲሆን፣ ወደ ጅቡቲ ያደረሳቸውም ባቡር ድሬዳዋን አቋርጦ ነው ያለፈው። ከማሽላ እርሻቸው የተመለሱ አንድ ሽማግሌ በበሩ አጠገብ ተቀምጠው መምህሩ በኦሮምኛ እየተረጐመላቸው ያዳምጣሉ። ፓሪስ ታለፈ፤ ብሩክሴል ታለፈ፤ ሮማ ተደረሰ። ሽማግሌው እስከዚያ ድረስ ዝም ብለው ቆይተው፣ «ይህን ያህል ሰው በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ሲኖር ውሃውን ከየት ይቀዳል?» ሲሉ ጠየቁ። መምህሩ ገጹን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ገለጠ፤ ቀጥሎም ወደ እኛ ተመለከተ። እኛም መልስ አልነበረንም።

ውሃ በጀሪካን ሞልቶ በአህያ ጭኖ ማምጣትን ለሚያውቅ ሰው፣ ስለማንኛውም ከተማ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው። ታዲያ ይህን ያህል ዘመን ስለ አውሮፓ ከተሞች ስንጽፍ ለዚህ ሰው የሚሆን መልስ እንዴት አላገኘንም?

አስቀድመን ለመጽሐፉ የሚገባውን ፍርድ እንስጥ። ንጉሠ ነገሥቱ የጻፉት በስደት ዘመን በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ሳሉ ሲሆን፣ በአማርኛ ታትሞ የወጣው በ1965 ዓ.ም. ነው። የጉዞውን ምክንያት በግልጽ ይናገራሉ። አንደኛው ምክንያት በመጽሐፍ ያነበቧቸውን ከተሞች በዓይናቸው ለማየት፣ ሁለተኛው ካዩት ሥልጣኔ የሚቻለውን ወደ አገራቸው ለማምጣት፣ ሦስተኛው ደግሞ የባሕር በር ለማግኘት ነበር። ከእነዚህ የመጀመሪያውን ስናነብ ደስ ይለናል፤ በልጅነቱ ስለ ፓሪስና ስለ ሮማ ያነበበ ማንኛውም ተማሪ የሚመኘው እርሱን ነውና። ነገር ግን ምክንያቱ እንዲህ ጥርት ብሎ ከተነገረ በኋላ ትረካው በአቀባበሉ፣ በግብዣውና በንግግሩ ላይ ያመዝናል፤ ከተማው ራሱ ከሠረገላው መስኮት ውጭ ይቀራል።

በዚያው ጉዞ አብረው የነበሩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ደስታና ክብር» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳትመዋል። ርእሱ የሚፈልገውን ይናገራል። ኅሩይ ለአውሮፓ አዲስ ሰው አልነበሩም፤ በ1903 ዓ.ም. ለንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ዘውድ በዓል ወደ ለንደን ከተላኩት መልእክተኞች ጋር ሄደው ነበር። ብዕራቸውም ደካማ አይደለም። በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው በተመለሱ ጊዜ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው የሕዝቡን ታሪክና ልማድ ለመግለጽ ተነሥተዋል። እንግዲህ ስለ አውሮፓ ሲጽፉ ክብሩን ያስቀደሙት ማየት ስለተሳናቸው ነው ለማለት አይቻልም።

ምክንያቱ ሌላ ነው። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆና ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። አባልነቷንም የተቃወሙ ነበሩ። ስለዚህ ለአልጋ ወራሹ የተዘረጋው ምንጣፍ፣ የተሰለፈው የክብር ዘብ፣ የተሰጠው ኒሻን ሁሉ ለአገሪቱ ነጻነት እንደ ምስክር ይቈጠር ነበር። ጸሐፊውም ምስክሩን እየቈጠረ መዘገበ። በዚያ ዘመን ይህ ትክክለኛ ሥራ ነው፤ እኛ ዛሬ ተቀምጠን ለምን የውሃ ቧንቧ አልጻፍህም ብንለው አድልዎ ይሆንብናል። ቅሬታችን ከዚያ በኋላ የመጣነው ሰዎች፣ ምንጣፍ የሚዘረጋልን ሳንሆን፣ እንደ ልዑል እንግዳ መጻፋችንን ስለ ቀጠልን ነው።

ደግሞም የእንግዳ ዓይን የሚያመልጠው ነገር ቀላል አይደለም። አልጋ ወራሹ ሮማ የገቡት በሰኔ 1916 ዓ.ም. ሲሆን፣ የምክር ቤት አባል የነበረው ጃኮሞ ማቴዮቲ በፋሽስቶች ተጠልፎ የጠፋው በዚያው ወር መጀመሪያ ነው። ከተማው በዚህ ነገር ይታመስ ነበር። በቤተ መንግሥት ማዕድ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ግን የአደባባዩ ወሬ አይደርሰውም፤ ቢደርሰውም ሊጽፈው አይገባውም። አክብሮ የተቀበለው የሙሶሊኒ መንግሥት ከ11 ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1928 ዓ.ም. መስከረም፣ ጦሩን መረብን አሻገረ።

«ጐበኘ» የሚለውን ቃላችንን እንመልከት። ገበሬ እርሻውን ይጐበኛል፤ አረም በዝቶ፣ ወፍ ወርዶበት እንደሆነ ያያል። ዘመድ የታመመውን ይጐበኛል፤ እንዴት እንዳደረ ይጠይቃል እንጂ የአልጋውን ልብስ አድንቆ አይመለስም። ዛሬ ቱሪስት የሚባለውን ሰው «ጐብኚ» ስንለው ይህን ሁሉ ሥራ ሰጥተነው ነበር። በየመጽሔቱ የምናነባቸው የጉዞ ማስታወሻዎች ግን «እጅግ የሚያስደንቅ»፣ «በቃል ሊገለጽ የማይችል» በሚሉ ሐረጎች ይሞላሉ። በቃል ሊገለጽ የማይችል ከሆነ ጽሑፉ ለምን አስፈለገ? አንባቢው ያላየውን ሕንፃ «ያስደንቃል» ቢሉት የሚያገኘው የጸሐፊውን መደነቅ ብቻ ነው።

ስለ ሮማ የተለየ ነገር የምንለው፣ ይህች ከተማ ለኢትዮጵያዊ ጐብኚ እንደ ሌሎቹ የባዕድ ከተማ ብቻ ስላልሆነች ነው። በባቡር የመጣ ሰው ከተርሚኒ ጣቢያ ሲወጣ የሚቆምበት አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል፤ አምስት መቶዎቹም በ1879 ዓ.ም. በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የኢጣልያ ወታደሮች ናቸው። ይህን ሳያውቅ ሻንጣውን እየጐተተ ያለፈ ወገናችን ስንት ይሆን! ለእነዚያው ሟቾች መታሰቢያ በተሠራው ሐውልት ሥር፣ ከአዲስ አበባ ተዘርፎ የተወሰደው የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦ ነበር፤ ዘርዐይ ድረስም በሰኔ 1930 ዓ.ም. ሰይፉን የመዘዘው በዚያ ነው።

ከዚያ ራቅ ብሎ፣ ዛሬ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በሚሠራበት ሕንፃ ፊት፣ የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። ሕንፃው በመጀመሪያ የተሠራው ለኢጣልያ የአፍሪካ ሚኒስቴር ነው። ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ 160 ቶን ያህል የሆነው ይህ ሐውልት በ1929 ዓ.ም. ተወስዶ፣ ኢጣልያ በ1947 እ.ኤ.አ. በፈረመችው የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ የወሰደችውን እንድትመልስ ብትገደድም፣ በአውሮፕላን በሦስት ቁራጭ ሆኖ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ ያን ሐውልት አልፎ በቈስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲገባ፣ ሐውልቱ ገና በባዕድ መሬት ላይ ነበር። ከእነዚያ ዘመናት ጎብኚዎቻችን መካከል ይህን ስፍራ ቆሞ ያየ፣ አይቶም በቂ ገጽ የሰጠው አንድ ጸሐፊ ብናገኝ እንዴት በወደድን።

ከዚህም በፊት የቆየ አለ። በቫቲካን ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተጀርባ የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። ከ15ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ከኢየሩሳሌም አልፈው በእግርና በመርከብ የመጡ መነኰሳቶቻችን ያርፉበት ነበር። ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ ዜማቸውን ሰምቶ ቋንቋውን ከእነርሱ ተማረና በ1513 እ.ኤ.አ. የግዕዝ ዳዊት በሮማ አሳተመ፤ በፊደላችን የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ እርሱ ነው። የደብረ ሊባኖሱ ተስፋ ጽዮን ደግሞ በ1548 እና በ1549 እ.ኤ.አ. ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ በዚያው ከተማ አሳተሙ። የአምሐራው ሰው አባ ጎርጎርዮስም በ1649 እ.ኤ.አ. ሂዮብ ሉዶልፍን ያገኙትና ማስተማር የጀመሩት በሮማ ነው። እነዚህ ሰዎች ሮማን ለማድነቅ ብቻ አልሄዱም፤ አስተምረውበታል። በትግርኛ ሥነ ጽሑፍ የመጀመሪያው የሚባለው የፍሥሐ ጊዮርጊስ የኢጣልያ ጉዞ ታሪክም በ1887 ዓ.ም. የታተመው በዚችው ከተማ ነበር። የጉዞ ጽሑፋችን አባቶች እነዚህ ከሆኑ፣ ልጆቹ በኮሎሴዮ ፊት ፎቶግራፍ ተነሥተው መመለሳቸው ያሳዝናል።

ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሥራ ጉዳይ ሮማ ደርሶ የተመለሰ አንድ ባልደረባችን አገኘንና ስለ ውሃው ጠየቅነው። መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን ከሌሎቹ ማስታወሻዎች ሁሉ የበለጠ ነገር ነገረን፤ የቀረውንም አንብበን ሞላነው። የጥንት ሮማውያን ለከተማቸው 11 የውሃ መስመሮች ሠርተው ነበር። ከእነርሱ አንዱን አግሪጳ ከክርስቶስ ልደት 19 ዓመት በፊት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ስቦ አስገባው፤ መንገደኛው ሁሉ ሳንቲም የሚጥልበት የትሬቪ ፏፏቴ እስከ ዛሬ በዚሁ መስመር ይጠጣል። የዛሬው ሕዝብ የሚጠጣው ውሃ አብዛኛው ከፔስኪዬራ ምንጭ ይመጣል። በየመንገዱም ከ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተተከሉ፣ ሰዎቹ «ትልልቅ አፍንጫዎች» የሚሏቸው የብረት ቦኖዎች አሉ፤ ቍጥራቸው 2,500 ያህል ነው፤ ለጠጪው ሁሉ በነጻ ይፈስሳሉ።

ባልደረባችን ከነገረን ይልቅ ልባችንን የነካው ግን የወንዙ ነገር ነው። ቴቬሬ በታኅሣሥ 1870 እ.ኤ.አ. ሞልቶ ከተማውን አጥለቀለቀው። ከ1876 እስከ 1926 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ ሃምሳ ዓመት ሙሉ፣ በወንዙ ግራና ቀኝ 12 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የድንጋይ ግንብ ሠሩለት። ልዑል ተፈሪ ሮማን በጐበኙ ጊዜ ሥራው ሊያልቅ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር። ዛሬ ጐብኚው በዚያ ግንብ ላይ ተደግፎ ድልድዮቹን ፎቶግራፍ ያነሣል፤ የተደገፈበትን ነገር ግን አያይም።

የድሬዳዋ ሰው ይህን ቢያነብ ምን ያስብ እንደ ነበር ለመገመት አያዳግትም። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ በበጋ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰውም ከብትም ይመላለስበታል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን ከላይ ከተራራው የወረደው ጎርፍ ሰው በተኛበት ደርሶ ከ200 በላይ ነፍስ አጠፋ። ከዚያ ሌሊት በፊት አውሮፓን አይተው የተመለሱት ወገኖቻችን ስንትና ስንት ናቸው፤ ስለ ወንዝ ግንብ ግን በአማርኛ ያነበብነው የለም። ግንብ ስለተጻፈ ይሠራል አንልም፤ ስለ ሕንፃው ቁመትና ስለ መብራቱ ብዛት ብዙ ተጽፎ ሳለ ይህ መዘለሉ ግን የጉዞ ጽሑፋችን ትልቁ ጕድለት ነው ብለን እንፈርዳለን። ንጉሠ ነገሥቱ በሁለተኛው ምክንያታቸው ካዩት የሚቻለውን ለማምጣት ነው ያሉትም፣ ሊመጣ የሚችለው ነገር ምን እንደሆነ፣ በምን ያህል ዘመን እንደሚሠራ ሲጻፍ ነው የሚፈጸመው።

መምህሩና እኛ ይህን ሁሉ ይዘን እንደገና በትምህርት ቤቱ በር ተገናኘን። ሽማግሌውም መጡ። የቦኖዎቹ ነገር ሲተረጐምላቸው በሌሊት የሚዘጋቸው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ቀንም ሌሊትም ይፈስሳሉ፣ አፋቸውን በጣት ቢደፍኑት ውሃው በላይ ባለው ቀዳዳ ወደ ጠጪው አፍ ይረጫል አልናቸው። ተማሪዎቹ ሳቁ። ሽማግሌው ግን አልሳቁም፤ ከሥሩ ገንዳ አበጅተው ከብት ያጠጡበት እንደሆነ መምህሩን ይጠይቁ ጀመር።