ቀለበቱ የት ጠመመ?

የአደን ጠመንጃ ሲፈታ ሦስት ነገር ይሆናል፤ አፈሙዝ፣ መቀርቀሪያው የሚመላለስበት የብረት ሳጥን፣ ሰደፍ። ሲገጠም ደግሞ ሁለት መስመር ይሆናል። አንደኛው ከተኳሹ ዓይን ተነሥቶ በአፈሙዙ ጀርባ በተዘረጋው ቀጭን ሐዲድ ላይ አልፎ ጫፉ ላይ ካለችው የናስ ነጥብ ይደርሳል። ሁለተኛው የእርሳስ ጠጠሮቹ የሚወጡበት የቱቦው እምብርት ነው። እነዚህ ሁለቱ ካልተስማሙ የብረቱ ማማርም የእንጨቱ መወልወልም ዋጋ የለውም።

ሰላም በነበረበት ጊዜ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ፣ እንዲህ ያለ ጠመንጃ በአንድ የጠመንጃ ሙያተኛ እጅ ተፈትቶ ሲመረመር ተቀምጬ አይቻለሁ። ባለቤቱ ቀወት ውስጥ ማሽላና ማሾ የሚያመርት ጎልማሳ ነው፤ ፈቃድ አለው። የገዛው በከርከሮ ምክንያት ነው። ግሪሳ ሲመጣ ማማ ላይ የሚቆም ልጅና ወንጭፍ ያባርሩታል፤ ከርከሮ ግን ሌሊት ይገባና ያገኘውን ገልብጦ ይሄዳል። ጠመንጃው ከፊል አውቶማቲክ ነው፤ ባለ 12። ባለ 12 የሚባለው ከአንድ ፓውንድ፣ ማለትም ከ454 ግራም ገደማ እርሳስ፣ 12 እኩል ድቡልቡል ጥይት ሲወጣ የአንዱ ውፍረት የአፈሙዙን ስፋት ስለሚሞላ ነው፤ 18.5 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ከካርቶኑ ከወጣ ብዙም አልቆየም።

«ጋሼ፣ ወደ ግራ ይጥላል» አለ ባለቤቱ።

«ማነው ወደ ግራ የሚጥለው? አንተ ነህ፣ እንጨቱ ነው፣ ወይስ ብረቱ?» አሉ ሙያተኛው።

የዚያን ቀን ሥራ ሁሉ ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነበር። ሞረድ ለማንሣት አልቸኮሉም። ከሁሉ በፊት መቀርቀሪያውን ስበው ጎሬውን በዓይናቸው አዩ፤ ቀጥሎ ትንሿን ጣታቸውን ከትተው ባዶ መሆኑን አረጋገጡ። ከዚያ ሦስቱን ክፍሎች ለያይተው በጆንያ ላይ በተርታ አስቀመጧቸው።

መጀመሪያ ያነሡት አፈሙዙን ነው። ከኋላው በኩል ዓይናቸውን አድርገው ጫፉን ወደ ደጁ ብርሃን አቀኑት። ውስጡ የተወለወለ ቱቦ በብርሃን ሲታይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጡ ክቦች ይታዩበታል። አፈሙዙ ቀጥ ያለ ከሆነ የክቦቹ መሐል አንድ ነው። ጎብጦ ከሆነ ከጉብጠቱ ወዲያ ያሉት ክቦች ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባሉ። ሙያተኛው አፈሙዙን ቀስ እያሉ አሽከረከሩት። እውነተኛ ጉብጠት ከአፈሙዙ ጋር ይዞራል፤ የዓይን ስህተት ግን ባለበት ይቀራል። ክቦቹ አልተነቃነቁም። አፈሙዙ ነጻ ወጣ።

ይህ ዓይን ረጅም ዘር አለው። በ19ኛው መቶ ዘመን በበርሚንግሃምና በሊዬዥ የአፈሙዝ አቅኚ የሚባል ራሱን የቻለ ሙያተኛ ነበር። በመስኮቱ ላይ አግድም መስመር ያበጃል፤ የመስመሩ ጥላ በቱቦው ግድግዳ ላይ ሲወድቅ ይመለከታል፤ የጥላው ጠርዝ የተሰበረበትን ቦታ ምልክት አድርጎ በመዶሻ ይመታል፤ እንደገና ያያል። ከእሱ በፊት የነበሩት ቀጭን ክር በቱቦው ውስጥ ወጥረው ክሩና ብረቱ የሚነካኩበትን ይፈልጉ ነበር። በጥላ ማየት ከክሩ የበለጠ ትክክል ሆኖ ተገኘ፤ ክር ይረግባል፣ ብርሃን አይረግብም።

ሁለተኛው ምርመራ አፈሙዙ ጫፍ ላይ በጥርስ የሚገባው ማጥበቢያ ነው። ማጥበቢያው ከጣት ያጠረ ቱቦ ነው፤ ሥራው ጠጠሮቹ ሳይበታተኑ እንዲርቁ መውጫቸውን ማጥበብ ነው። ጥብቅ የሚባለው ስፋቱን 1 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ይቀንሳል። በዚህ መጠን ላይ ትንሽ መዝመም ትልቅ ነገር ነው። ጥርሱ ከቱቦው እምብርት ውጭ ተቆርጦ ከሆነ ማጥበቢያው ወደ ጎን ያያል፣ ጠጠሮቹንም ወደዚያው ይገፋል። ሙያተኛው አጥብቀው ካሰሩት በኋላ አፉ ላይ የሚታየውን የብረት ጠርዝ ዙሪያውን በካሊፐር ለኩ። ውፍረቱ በአራቱም አቅጣጫ አንድ ነው። ከኋላ በኩል ደግሞ የማጥበቢያው ከንፈር ወደ ጠጠሮቹ መንገድ ወጥቶ እንደሆነ በጥፍራቸው ሳይሆን በእንጨት ዘንግ ፈተሹ፤ ዘንጉ ሳይጋጭ አለፈ።

«ጥርሱ ቢጠም ኖሮ ይሄ የኔ ሥራ አይሆንም፤ ወደ ፋብሪካው ትልከው ነበር» አሉ። ሞያ ድንበሩን ሲያውቅ የበለጠ ይታመናል ብዬ አምናለሁ። የጠመመ ጥርስ በእጅ አይቃናም፤ ቶርኖ ላይ እንኳ አዲስ ጥርስ ለማውጣት በቂ ብረት አይተርፍም።

ቀለበቱ ቀረ።

ከአፈሙዙ ሆድ ሥር አንድ ቀለበት ተበይዷል። ይህ ቀለበት ከሳጥኑ ወደ ፊት በወጣው የጥይት ቱቦ ላይ ይሾለካል፤ ከፊት ያለው ዳዶ ሲጠብቅ ሁሉም ይያዛል። ስለዚህ አፈሙዙ በሁለት ቦታ ይመራል፤ ጅራቱ በሳጥኑ፣ ወገቡ በቀለበቱ። የከፊል አውቶማቲክ የአደን ጠመንጃ አባት በሆነው በጆን ብራውኒንግ ሥራ ይህ ቀለበት ከዚህም የበለጠ ኃላፊነት ነበረበት። ብራውኒንግ የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1900 ነው፤ በ1902 ቤልጅግ ኤርስታል ከሚገኘው ኤፍ ኤን ጋር ተስማማ፤ በአውቶ 5 ስም የታወቀው ጠመንጃ እስከ 1998 ተሠራ። በእሱ ላይ በየተኩሱ አፈሙዙ ራሱ ከመቀርቀሪያው ጋር ወደ ኋላ ሄዶ ይመለሳል። እየተመላለሰ መስመሩን የማይለቅ አፈሙዝ መሥራት ምን ያህል ልክ እንደሚጠይቅ ማሰብ ነው። ኤፍ ኤን ከጣሊያን ወረራ በፊት ለኢትዮጵያ ጦር ማውዘር ያቀረበው ፋብሪካ ነው፤ አባቶቻችን ቤልጅግ ያሉትን ጠመንጃ የሠራ እጅ ይህንንም ሠርቷል።

በሸዋ ሮቢቱ ጠመንጃ አፈሙዙ አይመላለስም። መቀርቀሪያው የሚሠራው ከግፊቱ በሚያገኘው ጉልበትና በአንድ ጠንካራ ሞላ ነው፤ ኢጣሊያዊው ብሩኖ ቺቮላኒ የደረሰበት ዘዴ ነው። ይህን ማወቅ ለጥገናው ወሳኝ ነበር። በጋዝ የሚሠራ ቢሆን ቀለበቱ የጋዝ መተላለፊያ ይሆናል፣ ግድግዳውም አይነካም። እዚህ ግን መሪ ብቻ ነው።

ሙያተኛው አፈሙዙን ወደ ቦታው መልሰው ዳዶውን ሳያስገቡ ተዉት። ከጽሕፈት ወረቀት ቀጭን ሰቅ ቆረጡ። አንድ የጽሕፈት ወረቀት 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ለዚህ ሥራ ጥሩ መለኪያ ነው። በቀለበቱና በጥይት ቱቦው መካከል በቀኝ በኩል ሲያስገቡት ገባ። በግራ አልገባም። በቀኝ ወረቀቱን እየደራረቡ ሄዱ፤ እስከ አምስት ድርብ ተቀበለ። እንግዲህ ቀለበቱ ሲበየድ ግማሽ ሚሊሜትር ወደ ቀኝ ተቀምጧል። ቱቦው ላይ እንዲገባ አፈሙዙ የግድ ወደ ግራ ይገፋል።

ግማሽ ሚሊሜትር ምን ያደርጋል? ቀለበቱ ከሳጥኑ 25 ሴንቲሜትር፣ የአፈሙዙ ጫፍ 70 ሴንቲሜትር ይርቃል። ስለዚህ ቀለበቱ ላይ ግማሽ የሆነው ጫፉ ላይ 1.4 ሚሊሜትር ይሆናል። በ14.5 ሜትር ላይ ወደ 3 ሴንቲሜትር፣ በ36 ሜትር ላይ ከ7 ሴንቲሜትር ይበልጣል። ባለቤቱ በወረቀት ላይ ተኩሶ ያመጣው ምልክት ግን በ14.5 ሜትር 6 ሴንቲሜትር ወደ ግራ ነው። ግማሹ ተገኘ፤ ግማሹ የት ሄደ?

ብዙ ሰው ሰደፍን እንደ መያዣ ብቻ ያየዋል። በአደን ጠመንጃ ላይ የኋላ ማነጣጠሪያ የለም፤ የኋላው ማነጣጠሪያ የተኳሹ ዓይን ራሱ ነው፣ ዓይኑን በቦታው የሚያስቀምጠው ደግሞ ጉንጩ ያረፈበት እንጨት ነው። የቀኝ እጅ ተኳሽ ጉንጩን በሰደፉ ግራ ያስደግፋል፤ እንጨቱ ከወፈረበት ወይም ወደ ውጭ ካልሸሸ ዓይኑ ከሐዲዱ ግራ ይቀራል። ዓይን ወደ ግራ ሲሄድ ጥይቱም ወደ ግራ ይሄዳል። ከዓይን እስከ ነጥቧ 90 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ 14.5 ሜትር የዚህ 16 እጥፍ ነው። ስለዚህ ጉንጭ ላይ 1 ሚሊሜትር የሆነ፣ ወረቀት ላይ 16 ሚሊሜትር ይሆናል። የጎደለው 3 ሴንቲሜትር ሲካፈል 2 ሚሊሜትር አይሞላም። ባለቤቱን አስቁመው ዓይኑን ጨፍኖ ጠመንጃውን ወደ ጉንጩ እንዲያመጣና ከዚያ ዓይኑን እንዲከፍት አዘዙት። ከፊት ሆነው ሲያዩ የዓይኑ ብሌን ከሐዲዱ ትንሽ ወደ ጎን ወጥቷል።

እዚህ ላይ ይህ አካባቢ የሚገኝበትን የይፋትን ታሪክ ማንሣት ግድ ይላል። ይህ ቆላ የጠመንጃ መንገድ ነበር። ከታጁራ የሚነሣ ሲራራ የአፋርን ምድር አቋርጦ ፋሬ ላይ ወደ ሸዋ ይገባል፤ ከዚያ አልዩ አምባ፣ ከዚያ አንኮበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የካፒቴን ሐሪስ የእንግሊዝ ልዑክ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጠመንጃና መድፍ ይዞ የወጣው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 መጀመሪያ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ ከ2,000 በላይ ዘመን ያለፈባቸው ጠመንጃዎች በግመል አስጭኖ አንኮበር ደርሷል። ወደ አገሩ የገባው ጠመንጃ ብዙ ዓይነት ነው፤ ስናድር፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ፤ የአንዱ ብሎን ለሌላው አይሆንም፣ መለዋወጫም ተከትሎ አይመጣም። እንዲህ ባለ አገር ጠጋኝ የሚሆን ሰው ልኩን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሱ ከዕቃው ያገኛል። በወረቀት ሰቅ መለካት የድህነት ዘዴ ይመስላል፤ ለኔ ግን ከዚህ የጠራ መለኪያ አይታየኝም፣ ምክንያቱም የሚለካው ክፍተቱን ራሱን ነው።

ጥገናው ከምርመራው አጠረ። በቀለበቱ ውስጥ በግራ በኩል በክብ ሞረድ ጥቂት፣ ቀጥሎ ከእንጨት ዘንግ ላይ በተጠቀለለ የብርጭቆ ወረቀት ጥቂት እያሉ ግማሽ ሚሊሜትር ቀነሱ። በየመሐሉ አፈሙዙን አስገብተው ያወጣሉ። ግራው ከተቀነሰ ቀለበቱ ሰፍቶ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ ከቀኝ ያንኑ ያህል መጨመር ነበረበት። ግማሽ ሚሊሜትር የሆነ የናስ ቅጠል ቆርጠው፣ አጥፈው፣ በቀኙ ግድግዳ ላይ በሊድ ለጠፉት። ሊድ የሚቀልጠው ከ200 ዲግሪ ብዙ ባልራቀ ሙቀት ነው፤ ቀለበቱን ከአፈሙዙ ያያዘው ብየዳ ግን ከ600 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ የፋብሪካው ብየዳ አልተነካም። ከግራ የወጣው በቀኝ ገባ። ሲያበቁ ወረቀቱ በሁለቱም በኩል እኩል አለፈ።

ዳዶው እውነቱን እንዲናገር አንድ ፈተና ጨመሩ። ሳጥኑን በቆዳ ጠቅልለው በሞርሳ አሰሩት፤ ከጣሪያው ወራጅ ቱንቢ አንጠልጥለው ክሩ የናሷን ነጥብ ለጥቂት እንዳይነካት አደረጉ። ዳዶውን ሲያጠብቁ ነጥቧ ከክሩ አልሸሸችም።

እንጨቱን አልቀረፉትም። ከካርቶኑ ግርጌ፣ ባለቤቱ ትርፍ ዕቃ መስሎት የተዋቸው ጥቂት ስስ ሰሌዳዎች ነበሩ፤ በሰደፉና በሳጥኑ መካከል የሚገቡ፣ አንድ ጎናቸው ከሌላው የወፈረ። አንዱን መርጠው አስገቡ። ሰደፉ ጉንጩ በሚያርፍበት ቦታ ላይ 2 ሚሊሜትር ያህል ወደ ቀኝ ሸሸ። ዓይኑን ጨፍኖ ሲከፍት ብሌኑ ከሐዲዱ በላይ ልክ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ በ14.5 ሜትር ላይ የተተኮሰው ወረቀት ሲመጣ፣ ሙያተኛው ጠጠሮቹ በብዛት የወደቁበትን በእርሳስ ከበው የክቡን መሐል ፈለጉ፤ ከተነጣጠረበት መስቀል አንድ ጣት አይርቅም። በ36 ሜትር ደግሞ 76 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ተሠርቶ በውስጡ የገቡት ጠጠሮች ተቆጠሩ፤ እያንዳንዱን ቀዳዳ በእርሳስ እየሰረዙ፣ ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠር። ለጥብቅ ማጥበቢያ የተለመደው ልክ ከመቶ 70 ነው። ያ ደርሷል።

ሊመልሱለት ሲሉ ከሰደፉ ጫፍ ያለውን የላስቲክ ትራስ ፈቱት። ከሥሩ ያለው እንጨት ጥሬውን ነው፤ ቫርኒሽ የተቀባው በሚታየው ጎን ብቻ ነበር። በ1,280 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ቆላ እንጨትን በበጋ ያደርቃል፣ በክረምት ያሳብጣል፤ ያስተካከሉትን 2 ሚሊሜትር መልሶ የሚወስደው በዚህ በተከፈተ ጫፍ በኩል ነው። የተልባ ዘይት በጨርቅ አስነክረው ቀቡት፣ እስኪጠጣ ጠብቀው ደገሙት፣ ሲደርቅ ትራሱን መልሰው አሰሩ። ባለቤቱን «ከክረምት በኋላ አምጣው፣ እንደገና እለካዋለሁ» አሉት።