የስታዲየም የኪራይ ንባብ

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር በ1948 ዓ.ም. በቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ከተመረቀ ወዲህ ተውኔት በመዲናችን ታላቅ ክብር አገኘ፤ ነገር ግን በአንድ ምሽት ታይቶ የሚያልፈውን ጥበብ በጽሑፍ አጽንተው ለሕዝብ ያዳረሱት፣ በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ከታወጀ በኋላ የበረከቱት የኪነ ጥበብና የመዝናኛ መጽሔቶች ናቸው።

ከዚያው ቲያትር ቤት ብዙ ሳይርቅ፣ በስታዲየም ዙሪያ፣ አዟሪው የመጽሔቶቹን የሳምንቱን እትም በላስቲክ ላይ ደርድሮ ነፋስ እንዳይገልጠው ድንጋይ ይጭንበት ነበር፤ መግዣ ያጠረው ተማሪም በሳንቲም ተከራይቶ፣ ቁጢጥ ብሎ፣ የተዋናዩን ቃለ ምልልስ እስከ ፍጻሜው አንብቦ፣ ገጹን ሳያጥፍ ይመልስ ነበር። የአንዲት ቅጂ በረከት ለብዙ ዐይን መዳረሱን እስከ ዛሬ በአንክሮ አስበዋለሁ፤ የቲያትር ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው ደራሲውንና አዘጋጁን በስም ለይቶ የሚጠራው፣ ስለ ትወናውም ከባልንጀራው ጋር የሚሟገተው፣ በዚህ የኪራይ ንባብ ነበር።