አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ለመሆኑ የእኛ አገር የኳስ ሂስ ከበረኛው መረብ ወዲህ የሚሻገረው መቼ ነው? ዋልያዎቹ በተሸነፉ ማግሥት በሬዲዮ የሚሰማውም፣ በጋዜጣ የሚነበበውም፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ኮሶዬ ላይ ሻይ ቤት የሚወራውም ፍርድ አንድ ነው፤ «ያስበላን በረኛው ነው»። ደጋፊው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። አንጀቱ አርሯል፤ ንዴቱን የሚያሳርፍበት ሰው ይፈልጋል። ተንታኝ ነኝ ብሎ ማይክሮፎን የጨበጠ ሰው ግን ከደጋፊው ንዴት አንድ እርምጃ ካልራቀ ሥራው ምኑ ላይ ነው?

መቼም የኮሶዬ ሰው የበረኛን ዕጣ ለመረዳት ስታዲየም መግባት አያስፈልገውም። ገደል አፋፍ ላይ ገብስ የዘራ ገበሬ ጭላዳ እንዳይገባበት ልጁን ጠባቂ ያደርጋል። ልጁ ቀኑን ሙሉ ሲያባርር ቢውል ማንም ልብ አይለውም። አንዴ ዘንግቶ መንጋው ማሳው ውስጥ ከገባ ግን የመንደሩ ወሬ እሱ ነው። አጥሩን ማን ሳያጥር ቀረ? ለምንስ አንድ ልጅ ብቻውን ቆመ? ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እስቲ ነገሩን ከጨዋታዎቹ እንየው። ከ31 ዓመት በኋላ የተመለስንበት የደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ዋንጫ ለእኛ የተጀመረው ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ከዛምቢያ ጋር ነበር። ዕለቱ ራሱ ታሪክ አለው፤ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫውን ያነሳንበት ቀን ነው። ከዛምቢያ ጋር ጀማል ጣሰው እግሩን አንስቶ ተጋጣሚውን በመምታቱ ገና በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዘሪሁን ታደለ ተተካ። ከናይጄሪያ ጋር ደግሞ ሲሳይ ባንጫ በቀይ ወጣ። በ3 ጨዋታ 3 በረኞች ተፈራረቁ፤ 2ቱ ተባረሩ፤ 7 ግብ ተቆጠረብን፤ ያገባነው 1 ብቻ ነው። ይህን ያየ ሰው «በረኛ የለንም» ቢል ምን ይገርማል?

የጀማል ጥፋት ጥፋት ነው፤ ማስተባበያ አያሻውም። ይሁንና በዚያው ጨዋታ፣ ከቀይ ካርዱ በፊት፣ ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ስቷል። የሳላዲን ስህተት በአዳነ ግርማ የአቻነት ግብ ተሸፈነ፤ የጀማል ግን እስከ ዛሬ ይወራል። የሲሳይም ነገር እንዲሁ ነው። ከናይጄሪያ ጋር እስከ 80ኛው ደቂቃ 0 ለ 0 ነበርን። እነዚያን 80 ደቂቃዎች መረቡን የጠበቀው ማን ነበር?

አሁን ወደ ትልቁ ቁስል እንምጣ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ወደ ብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ለመግባት 2 ጨዋታ ብቻ ቀርቶን አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ናይጄሪያን ገጠምን። በኃይሉ አሰፋ አግብቶ መራን፤ ኢማኑኤል ኤሜኒኬ አቻ አደረገ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 1 አሸነፉን። ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ 2 ለ 0 ተረታን፤ አንዱ ፍጹም ቅጣት ምት፣ ሌላው የቅጣት ምት ነው። የደቡብ አፍሪካውን ጨምረን እንቁጠር። በ3 ጨዋታ ናይጄሪያ 6 ግብ አገባችብን፤ 4ቱ ፍጹም ቅጣት ምት፣ 1ዱ የቅጣት ምት፣ በጨዋታ የገባው 1 ብቻ። ከ6ቱ 4ቱ የተቆጠሩት ከ80ኛው ደቂቃ ጀምሮ ነው።

ይህ ቁጥር ስለ በረኛ ብቻ ነው የሚናገረው? ይልቁንስ በድካም ሰዓት ሳጥኑ ውስጥ ጥፋት ስለሚሠራ ተከላካይ፣ ስለ ትንፋሽ ማጠር፣ ስለ ተቀያሪ ወንበር ይናገራል። በዚያው ማጣሪያ ሁለት ቢጫ ካርድ የነበረበትን ተጫዋች ቦትስዋና ላይ አሰልፈን 3 ነጥብ ተቀምተናል። እሱንም ጓንት ያጠለቀው ሰው አላጠፋውም፤ የቢሮ ሥራ ነበር። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ይባላል፤ የእኛ ትንታኔ ግን ከሥሩ አይጀምርም።

አሜሪካኖች በሚወዱት ቤዝቦል ኳስ ወርዋሪው እንደ በረኛ ብቸኛ ነው። እጁ ሲከዳው ግን አሰልጣኙ ሜዳ ገብቶ ኳሷን ይቀበለውና ሌላ ይተካል፤ ደጋፊውም «ለምን ዘገየ?» ብሎ አሰልጣኙን ይጠይቃል። የእኛው በረኛ ሲከዳው እዚያው ቆሞ ይከፍላል። ይህ የእኛ ብቻ በሽታም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950 ብራዚል በሜዳዋ በኡራጓይ 2 ለ 1 ስትረታ ጥፋቱ የተጫነው በረኛው ባርቦሳ ላይ ነው። በ2000 እስኪሞት ድረስ፣ ለ50 ዓመት፣ ያ ሸክም አልወረደለትም።

ሥሩ ወዴት ነው ከተባለ ከመንደር ሜዳ ይጀምራል። እንደ ኮሶዬ ባለ ደጋ፣ ድንጋይ በበዛበት መስክ፣ ልጆች ቡድን ሲከፋፈሉ በረኛ የሚሆነው ማን ነው? ኳስ የማይችለው። ድንጋይ ላይ ዘሎ መውደቅን ማን ይማራል? ማንስ ያስተምራል? ክለቦቻችን ይህን ጉድለት ያውቁታል፤ መፍትሔው ግን ከውጭ ማስመጣት ሆነ። የጎንደሩ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ በረኛው ማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ ነበር። ሳማኬ ሥራውን ሠራ፤ ምስጋና ይገባዋል። ዋልያዎቹ ግን ሳማኬን ማሰለፍ አይችሉም። ዓመቱን በተቀያሪ ወንበር ያሳለፈውን የአገር ልጅ በወሳኙ ቀን አውጥተን «ለምን አልቻልክም?» እንለዋለን።

እንግዲህ ንዴት ይቅር አላልኩም፤ የማይናደድ ደጋፊ ምን ደጋፊ ነው? ነገር ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን መደብደብ ሂስ አይባልም። በሚቀጥለው ሽንፈት ማግሥት ተንታኞቻችን ከበረኛው ስም በፊት ሦስት ነገር ይንገሩን፤ ጥፋቱ ስንተኛው ደቂቃ ላይ ተጀመረ? ከበረኛው ፊት ማን ነበር? በረኛውን ያሠለጠነውስ ማን ነው? ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ ሲጠፋ ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ማይክሮፎኑ ፊት ይቅረቡ።